ሁለት ፕሮሰሰር በአንድ ባትሪ፦ መለኪያችን ምን መሆን አለበት?

በማኅበራችን የዓርብ ውይይት ሰሞኑን ከስኮላርሺፕም ከመኖሪያ ፈቃድም ይልቅ ድምፅ ያስነሣ ርእስ ቢኖር የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ጉዳይ ነው። አንባቢ ይስቅ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር። ነገሩ የመጣው ግን ከቀልድ አልነበረም።

አንዲት እህታችን፣ የወሎ ልጅ፣ እዚህ ዶሃ በሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን የያዘች፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለገባ ታናሽ ወንድሟ ላፕቶፕ ገዝታ በመንገደኛ እጅ ልትልክለት ተዘጋጅታ ኖሮ፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ እስቲ ከመላኬ በፊት እዩልኝ» ብላ ሳጥኑን ተሸክማ መጣች። በማሽኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ኮር አይ7 ይላል። ወንድሟም በስልክ አጥብቆ ያሳሰባት ይህንኑ ነበር፤ አይ7 ካልሆነ እንዳትገዢ። ሻጩ አይ7 ብሎ ሸጠላት፤ ተለጣፊውም አልዋሸም። ከፍተን ስናየው ፕሮሰሰሩ አይ7-2620ኤም ሆኖ ተገኘ፤ ኢንቴል በ2011 ያወጣው፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ እስከ 35 ዋት ሙቀት እንዲያስተናግድ የተሠራ ዕቃ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኳታር ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 1000 ሪያል ነው። እህታችን ለዚህ ማሽን የከፈለችው የወር ደመወዟን ሊያህል ጥቂት የቀረው ነው። በዚያው ገንዘብ አካባቢ ኮር አይ3-1215ዩ የተባለውን የ2022 ፕሮሰሰር የያዘ ያገለገለ ላፕቶፕ ማግኘት ይቻል ነበር። ይኸኛው ስድስት ኮር አለው፤ የተነደፈበት መነሻ ኃይልም 15 ዋት ነው። (እውነቱን ለመናገር ለአጭር ጊዜ ሲፈጥን ከዚያ በላይ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ እስከ 55 ዋት። ወደዚህ እንመለስበታለን።) ማለትም «ዝቅተኛ» ተብሎ የሚናቀው አይ3፣ «ከፍተኛ» ተብሎ የሚከበረውን አይ7 በፍጥነትም በቁጠባም ጥሎት ይሄዳል። በዚህ ላይ ያ አሮጌው አይ7 ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ ከኢንቴል ወገን በይፋ የሚታወቁለት በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የመጡት ናቸውና። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ልጁ የተላከለት ገና ሳይከፍተው ጊዜው ያለፈበት ማሽን ነው።

እህታችን የጠየቀችን ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «ትልቁ ቁጥር አይሻልም ወይ?» ለዚህ ጥያቄ በኮምፒዩተር ምሕንድስና የሚማሩ አባሎቻችን ሳይቀሩ አንድ ቃል መመለስ አቃታቸው። ክርክሩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በክርክሩ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ወገን ፕሮሰሰር የሚለካው በሚሠራው ሥራ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለ ዋት መጨነቅ የፋብሪካው ጉዳይ እንጂ የተጠቃሚው አይደለም ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ የኢንቴል ዘመን አብቅቷል፤ ከእንግዲህ ኤአርኤም የሆነውን እንጂ ሌላውን መግዛት ስሕተት ነው ባይ ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው ሁለቱም አቋሞች መለኪያውን ስተውታል ብለን ስለምናምን ነው። አቋማችንን አስቀድመን እንግለጽ። ሁለት ፕሮሰሰሮች መነጻጸር ያለባቸው በአንድ የታወቀ መጠን ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሥራ ይሠራሉ በሚለው ነው፤ ያንን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ማን ነው፣ የትና መቼ ያገኘዋል የሚለውም ከመለኪያው ውስጥ መግባት አለበት።

ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በ2020 አፕል የተባለው ኩባንያ ማክቡክ አየር የሚለውን ላፕቶፕ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አወጣ። የመጋቢቱ በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠራ ነው። የኅዳሩ ኩባንያው ራሱ በነደፈው ኤም1 በተባለ ፕሮሰሰር የሚሠራ ነው። አካላቸው በመልክ አንድ ነው። የስክሪናቸው ስፋት አንድ ነው። መነሻ ዋጋቸው በአሜሪካ አንድ ነበር፤ 999 ዶላር። ከሁሉም በላይ ባትሪያቸው አንድ ነው፤ 49.9 ዋት-ሰዓት። ሁለት ፕሮሰሰሮችን ለማነጻጸር እንዲህ የተመቸ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚያነጻጽረው አንዱን በሬ ከሌላው ፈረስ ጋር ነው።

ሠሪው ራሱ እንደገለጸው የኢንቴሉ አየር በገመድ አልባ ኢንተርኔት እስከ 11 ሰዓት፣ የኤም1ኡ እስከ 15 ሰዓት ይሠራል። ፊልም ሲታይባቸው 12 እና 18 ሰዓት። የሻጭ ቁጥር ነውና አንባቢ ቀንሶ ይቀበለው፤ ግን ሁለቱም ቁጥሮች የአንድ ሻጭ ስለሆኑ የሚቀነሰውም ከሁለቱም ነው። እስቲ እናካፍለው። 49.9 ለ11 ሲካፈል 4.5 ዋት ግድም፤ ለ15 ሲካፈል 3.3 ዋት ግድም ይሆናል። ይህ ፍጆታ የስክሪኑን ብርሃንና የሌላውንም ዕቃ ይጨምራል። ስክሪናቸው እኩል እንደሚበላ ብንወስድ፣ በፕሮሰሰሮቹ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ከዚህ የሰፋ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ትንሽ የሚበላው ትንሽ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ወገን ትክክል በሆነ ነበር። አይደለም። በተለመዱት መፈተኛ ፕሮግራሞች ኤም1 በነጠላ ኮር ሥራ የአየሩን ኢንቴል አይ5 አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ ኮሮቹ ሁሉ ሲሠሩ ከሁለት እጥፍ በላይ። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ የምቱ ነገር ነው። ያ አይ5 በከፍተኛ ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል፤ ኤም1 ግን 3.2 ላይ ይቆማል። በየሱቁ መስታወት ላይ በትልቁ የሚጻፈው የጊጋኸርትዝ ቁጥር ዝቅ ያለው ማሽን ነው የበለጠ የሠራው። በተጨማሪም የኢንቴሉ አየር ማራገቢያ አለው፤ የኤም1ኡ የለውም፤ ድምፁ አይሰማም። (የኢንቴሉ ማራገቢያ ከሙቀት ማስወገጃው ብረት ጋር በቀጥታ ሳይገናኝ አጠገቡ አየር ያንቀሳቅስ ነበር። በዚያ ረገድ ኢንቴል ብቻውን ሊወቀስ አይገባም፤ የቤቱም ባለቤት ጥፋት አለበት።)

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከሁሉም በፊት የቮልቴጅ ጉዳይ ነው። ፕሮሰሰር በእያንዳንዱ ምት የሚፈጀው ኃይል ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ይጨምራል። ምቱን ለማፍጠን ደግሞ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል። ስለሆነም ፍጥነትን በመጨረሻዋ እርከን ላይ ትንሽ ለመጨመር የሚከፈለው ኃይል ከተገኘው ፍጥነት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያም በእርጋታ የወጣና እየሮጠ የወጣ ሁለቱም ይደርሳሉ፤ የሮጠው ትንሽ ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያለከልካል። ከላይ ያነሣነው 15 ዋት የሚባለው አይ3 ለጥቂት ጊዜ እስከ 55 ዋት የሚወስደው በዚሁ ዓይነት ሩጫ ነው። ኢንቴል ራሱ ይህን ትምህርት ቀደም ብሎ ቀምሶታል፤ 4 ጊጋኸርትዝ የሚመታ ፔንቲየም 4 ሊያወጣ አቅዶ በጥቅምት 2004 ሰርዞታል። የምት ውድድሩ ያኔ ያበቃ መስሎን ነበር፤ በሱቅ መስታወት ላይ ግን እስከ ዛሬ አላበቃም።

ቀጥሎ የሚመጣው የትእዛዝ አጻጻፍ ነው። ኤክስ86 የሚባለው የኢንቴልና የኤኤምዲ ቋንቋ መሠረቱ የ1978ቱ 8086 ነው፤ በዚህ ቋንቋ አንድ ትእዛዝ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ባይት ሊረዝም ይችላል። በኤም1 ያለው ባለ64 ቢቱ የኤአርኤም ቋንቋ እያንዳንዱን ትእዛዝ በእኩል አራት ባይት ይጽፋል። የብራና መጽሐፍ ያነበበ ሰው በቶሎ ይገባዋል። ጸሐፊው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ካኖረ አንባቢ ቃሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ሳይጨነቅ ዓይኑን ወደ ፊት ይወረውራል። ሁለት ነጥብ የሌለው ጽሑፍ ቢሆን ግን ቀጣዩን ቃል ከማንበቡ በፊት የያዘው የት ላይ እንዳበቃ መፈለግ አለበት። ኤም1 በአንድ ምት እስከ ስምንት ትእዛዝ ለይቶ ይፈታል፤ የዚያ ጊዜው የኢንቴል ላፕቶፕ ኮር አምስት ያህል። በአንድ ምት ብዙ የሚሠራ ምቱን ማብዛት አያስፈልገውም።

የቀረው የፋብሪካ ነገር ነው፤ ኤም1 በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በ5 ናኖሜትር ስልት የተሠራ ሲሆን የኢንቴሉ በራሱ በኢንቴል በ10 ናኖሜትር ስልት የተሠራ ነው። (እነዚህ ናኖሜትሮች የገበያ ስም እየሆኑ ስለ መጡ በቁጥራቸው ብቻ መመዘን አይገባም፤ ያም ሆኖ የኤም1 ስልት የተሻለ እንደ ነበር የሚክድ የለም።) ከስምንቱ ኮሮች አራቱ ለከባድ ሥራ፣ አራቱ ደግሞ ለቀላል ሥራ የተለዩ መሆናቸውም ረድቶታል። ጽሑፍ ለመጻፍ በሬ ሁሉ አይጠመድም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን «እንዳልነው ኤአርኤም አሸነፈ» ብሎ ሊነሣ ነው። አልተስማማንም። በመስከረም 2024 ኢንቴል ኮር አልትራ 200ቪ የተባሉትን የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች አወጣ። ቋንቋቸው ያው ኤክስ86 ነው። የሚሠሩት ግን በቲኤስኤምሲ የ3 ናኖሜትር ስልት ነው፤ ማስታወሻቸው (ራም) ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ነው፤ ከስምንቱ ኮሮች አራቱ ቆጣቢ ናቸው። ከኤም1 የተማሩትን ቆጥረው የያዙ ይመስላል። በባትሪ ቆይታም ከኤአርኤም ላፕቶፖች ጎን ለመቆም በቅተዋል። እንግዲህ ቋንቋው ብቻውን ቢወስን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ቁጠባ በዲዛይን ላይ የሚወሰን ምርጫ ነው፤ ሠሪው ሲፈልግና ገበያው ሲጠይቀው ይመጣል። ኤአርኤም ራሱ ቁጠባን የወረሰው ከልደቱ ነው። በ1985 በካምብሪጅ በአኮርን ኩባንያ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው ቺፕ ሲሞከር የኃይል ገመዱ ሳይሰካ ይሠራ እንደ ነበር ይተረካል፤ በሌሎቹ መስመሮች ሾልኮ የሚገባው ጥቂት ኤሌክትሪክ በቅቶት። የተነደፈው ግን ርካሽ የፕላስቲክ ማሸጊያ ሙቀቱን እንዲችለው እንጂ ዓለምን ከኤሌክትሪክ ፍጆታ ለማዳን አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የመጀመሪያው ወገን አባላት ሞኞች አይደሉም፤ ፍጥነት ብቻ ይበቃል ያሉት ዶሃ ስለሚኖሩ ነው። በኤዱኬሽን ሲቲ ቤተ ሙከራም ሆነ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ሥር ሶኬት አለ። መብራት አይጠፋም። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዱ ክፍልማ ሐምሌ ውስጥ ጃኬት ያስለብሳል። የምንኖረው ከውጭ ያለው ሙቀት በበጋ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ መሆኑን የምናስታውሰው ከሕንፃው ወጥተን ሜትሮው ጋ እስክንደርስ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ እዚህ ተቀምጦ ላፕቶፕ የሚፈትን ሰው የሚፈትነው ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ በቀዘቀዘ አየር ውስጥ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ደግሞ ሶኬት ላይ ሲሆን ያለው ፍጥነት በባትሪ ሲሆን የለውም፤ ራሱን ይቀንሳል። የዶሃው ፈተና ለጎንደሩ ተማሪ ምንም አይነግረውም ማለት ባንደፍርም፣ ግማሹን ይደብቀዋል።

ከሙቀቱ እንጀምር። የእነዚያ የሁለቱ አየሮች ሠሪ ማሽኖቹ እንዲሠሩበት የወሰነው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ አያሳስብም። መተማ ላይ ግን ያሳስባል፤ እዚያ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል የሚያገኝ ተማሪ ስንት ነው? ብዙ ሙቀት የሚያመነጭ ፕሮሰሰር ሞቃት አገር ሲገባ ፍጥነቱን ራሱ ያወርዳል፤ የተከፈለበት ፍጥነት በወረቀት ላይ ይቀራል።

መብራቱንም ማናችንም አልረሳንም። በአገራችን ግማሽ ለሚጠጋው ሕዝብ ኤሌክትሪክ ገና አልደረሰም። የደረሰውም ሻማና የእጅ ባትሪ ከቤቱ አላስወጣም። ዶርም ውስጥ አንድ ሶኬት ለስንት ሰው እንደሚዳረስ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የመጡ አባሎቻችን ይመሰክራሉ፤ ስልክ ይሰካል፣ ላፕቶፕ ይሰካል፣ ተደብቆ ምድጃ ይሰካል። በዚህ ሁኔታ 15 ሰዓት የሚቆይና 11 ሰዓት የሚቆይ ማሽን ልዩነታቸው የአራት ሰዓት ምቾት አይደለም። መብራት በጠፋበት ማታ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስገባና ያላስገባ ተማሪ ልዩነት ነው። ያ የ2011 አይ7፣ ባትሪው በዚህ ዕድሜ ደክሞ፣ ያለ ሶኬት አንድ ሰዓት ቢቆይ ደግ ነው።

ለትምህርት ቤቶችም ስናስብ ሂሳቡ ይቀጥላል። ማኅበራችን ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ለመላክ ከተነጋገረ ቆይቷል። አርባ ማሽን ብንልክ እንበል፤ ፕሮሰሰሮቹ በሙሉ ሥራ 35 ዋት የሚፈጁ ቢሆኑ 1400 ዋት፣ 15 ዋት የሚፈጁ ቢሆኑ 600 ዋት ነው። የ800 ዋት ልዩነት ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ፍጆታ ሩብ ያህል ብትሆን ነው፤ ለዋናው መስመር ይህ ምንም አይደለም። ትምህርት ቤቱ በጄነሬተር ወይም በጣራው ላይ ባለ የፀሐይ ኃይል የሚሠራ ከሆነ ግን ቤተ ሙከራው የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን የምትወስነው ይህች 800 ዋት ነች።

ከዚህ በላይ ባለው ደረጃም ያው ጥያቄ ይጠብቀናል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ባለፉት ዓመታት «ዳታ ማይኒንግ» ለሚባለው የቢትኮይን ሥራ ለውጭ ኩባንያዎች ኃይል በዶላር ሸጧል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከአባሎቻችን ገሚሱ የኃይል ሽያጩን የውጭ ምንዛሪ ነውና ይደግፋሉ፤ ገሚሱ ይቃወማሉ፤ በዚህ ላይ ማኅበሩ አቋም አልያዘም። የእኛ ጥያቄ ግን ሽያጩን ከደገፉትም ከተቃወሙትም አፍ አልሰማነውም፤ ማሽኖቹ የየትኛው ትውልድ ናቸው? ለዚህ ሥራ ብቻ ከተሠሩት ቺፖች መካከል የ2016ቱ አንትማይነር ኤስ9 ለአንድ ቴራሃሽ 98 ጁል ያህል ይፈጃል። በ2023 ይፋ የተደረገው ኤስ21 17.5 ጁል ነው። አንድ ኤስ21 በ3500 ዋት፣ ማለትም በአንድ ምጣድ ፍጆታ፣ የሚሠራውን 200 ቴራሃሽ በኤስ9 ለመሥራት አሥራ አምስት ማሽንና ወደ 20 ሺህ ዋት ያስፈልጋል፤ ስድስት ምጣድ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ያውም ቀን ከሌት ሳያርፍ። ኃይል ውድ በሆነበት አገር ኤስ9ን ማስነሣት ኪሳራ ነው። ኃይል ርካሽ በሆነበት አገር ግን አሮጌው ማሽን እንደገና ትርፍ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ርካሽ ኃይል አሮጌ ቺፕ ይጠራል። ውል የሚፈርመው መሥሪያ ቤት የሜጋዋቱን ዋጋ ከጠየቀ በኋላ የጁሉንም ቁጥር ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል?

እህታችን የገዛችው ላፕቶፕና ያ የማሽን መጋዘን አንድ ዓይነት ዕጣ አላቸው። ዕቃው ጊዜው ሲያልፍበት ባለቤቱ ይሸኘዋል፤ የሚቀበለው ደግሞ በስሙ ትልቅነት ወይም በዋጋው ርካሽነት ይቀበላል፤ መብራቱን ግን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል አፕል ግዙ ማለታችን እንዳልሆነ አጥብቀን እንገልጻለን፤ በውይይቱ ላይ እንዲህ ተተርጉሞብናልና። በኤም1 ማሽን ላይ ራሙም ማከማቻውም ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ነው። ስምንት ጊጋባይት ገዝቶ ነገ አሥራ ስድስት ላድርገው ማለት አይቻልም። የአዲስ አበባ ጠጋኝ ለተለመዱት የኤችፒና የዴል ማሽኖች ኪቦርድም ባትሪም ከሌላ ከሞተ ማሽን ፈልቅቆ ያገኛል፤ ለዚህኛው መለዋወጫ ማግኘት ይከብደዋል። ከዚያም የፕሮግራሙ ነገር አለ። ሲቪል ምሕንድስና የሚማር ልጅ ኢታብስ ያስፈልገዋል፤ አካውንቲንግ የሚማረው ፒችትሪ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። በኢንቴሉ አየር ላይ ዊንዶውስን ለብቻው መጫን ይቻል ነበር፤ በኤም1 ላይ ያ መንገድ ተዘግቷል። በዋት ቆጥቦ ሥራውን የማይሠራ ፕሮሰሰር ምንም አልቆጠበም። ስለዚህ ለምሕንድስና ተማሪ የምንመክረው የተሻለውን የኤክስ86 ቆጣቢ ማሽን ነው፤ ጽሑፍና ኢንተርኔት ብቻ ለሚያስፈልገው ደግሞ ያገለገለ ኤም1 በደህና ዋጋ ከተገኘ ጥሩ ግዢ ነው።

እህታችን ለጠየቀችው ጥያቄም መልስ ይገባታል። ከአይ7፣ ከአይ5 ወይም ከአይ3 በኋላ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 2620 ከሆነ ትውልዱ ሁለተኛ ነው፤ 8550 ከሆነ ስምንተኛ ነው፤ 1165 ወይም 1215 ከሆነ የፊተኞቹ ሁለት አሐዞች፣ 11 ወይም 12፣ ትውልዱ ናቸው። ከስምንት በታች የሆነውን በነፃ ካልተሰጣችሁ አትቀበሉ። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ይናገራል፤ ዩ ከሆነ ለቁጠባ፣ ኤች ከሆነ ለኃይል የተሠራ ነው። ኤም የሚል በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ኢንቴል በአዲሶቹ ላይ «አይ» የምትለውን ፊደል ትቶ «ኮር አልትራ» ማለት ስለ ጀመረ፣ አገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች «አይ7 ካልሆነ» የሚለውን ትእዛዝ ከስልካችሁ ብታጠፉት ደግ ነው።

እህታችን ደረሰኙን ስላልጣለችው ሁለት አባሎቻችን አብረዋት ሄደው ከሻጩ ጋር ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ፣ ጥቂት ሪያል ጨምራ በስምንተኛ ትውልድ አይ5 ተለውጦላታል። ሻጩ፣ አይ7 መልሳ አይ5 በመውሰዷ፣ እንዳታለላት እንጂ እንደ ተረታ አልመሰለውም።

ከእንግዲህ በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ፣ ከውይይቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት፣ ሦስት አባላት ወደ አገር ቤት የሚላኩ ላፕቶፖችን ለማየት ይቀመጣሉ። በሶኬትና በማሽኑ መካከል ገብታ ፍጆታውን በዋት የምታሳይ አንዲት መለኪያ በመዋጮ ገዝተናል። ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ በቤት፣ በጥበቃ፣ በሾፌርነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ሁሉ ይምጡ። ከተቻለ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ቁጥር በስልክ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አሳዩን። ገዝታችሁ ከሆነም ሳጥኑን ሳትጥሉ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ፣ መንገደኛው ከመሄዱ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ኑ።